ገና ያልተፈረደበት እስረኛና የጠባቂው ሐሳብ



ዛሬ የማነሣው ክርክር የተጀመረው በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ነው። በሜይ 2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ በሞንሮ ካውንቲ ማረፊያ ቤት ፍርዱን ይጠባበቅ በነበረ አንድ እስረኛ ክፍል፣ ከአልጋው በላይ ያለው መብራት በወረቀት ተሸፍኖ ተገኘ። አንሣ ቢባል እምቢ አለ። በማግስቱ ጠባቂዎቹ በካቴና አስረው ወደ ሌላ ክፍል ወሰዱትና መደብ ላይ በሆዱ አስተኙት። አንደኛው ጀርባውን በጉልበቱ ተጫነው፤ ሌላው ቴዘር የተባለውን የኤሌክትሪክ መሣሪያ ለአምስት ሰከንድ ያህል አሳረፈበት። ጠባቂዎቹ ካቴናውን ስንፈታ ታገለን አሉ፤ እሱ ግን አልታገልሁም፣ ጭንቅላቴንም ከሲሚንቶው ጋር አጋጩት አለ።

እስረኛው በ1871 በወጣው የፌዴራል የሲቪል መብት ሕግ መሠረት ክስ መሠረተ። ጁሪው ለጠባቂዎቹ ፈረደ። ይግባኙ ታዲያ ማን እውነት ተናገረ በሚለው ላይ አልነበረም፤ ዳኛው ለጁሪው በሰጡት መመሪያ ላይ እንጂ። መመሪያው ጠባቂዎቹ የእስረኛውን ደኅንነት አውቀው በግዴለሽነት ችላ ማለታቸው እንዲረጋገጥ ይጠይቅ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በአብላጫ ድምፅ አጸናው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ተበዳዩ ሕመሙን ብቻ ሳይሆን በሌላ ሰው ልቡና ውስጥ የነበረውንም እንዲያስረዳ ተገድዷል ማለት ነው። ጠባቂው «ተገቢ መስሎኝ ነበር» ካለ በምን ማስረጃ ይረታል?

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 በኪንግስሊና በሄንድሪክሰን ጉዳይ፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ሁለት ጥያቄዎችን ለየ። ዳኛ ብሬየር እንደጻፉት፣ ድርጊቱ ራሱ ታስቦ የተፈጸመ መሆን አለበት፤ ቴዘሩ በስሕተት ቢተኩስ ወይም ጠባቂው ተደናቅፎ እስረኛው ላይ ቢወድቅ ክሱ አይረታም። የኃይሉ ልክ አልፎ እንደሆነ ግን የሚመዘነው በጠባቂው እምነት አይደለም፤ በቦታው የነበረ ምክንያታዊ ጠባቂ በዚያች ቅጽበት ያውቀው በነበረው ነገር ነው። ኋላ ላይ በታወቀ ነገር መመዘን አይፈቀድም።

ዳኛ ስካሊያ ተቃወሙ፦ ሕገ መንግሥቱ ያልተፈረደበትን ሰው መቅጣት ይከለክላል፤ ያለ ቅጣት ሐሳብ ደግሞ ቅጣት የለም። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ቃሉን ብቻ ከያዝን ያሳምናል። ነገር ግን ዓላማ የሌለው ጉልበት በተቀባዩ ጀርባ ላይ ከቅጣት በምን ይለያል? ፍርድ ቤቱም በ1979 በቤልና ዎልፊሽ ጉዳይ፣ ከሕጋዊ ዓላማ ጋር ተገቢ ግንኙነት የሌለው እርምጃ ሐሳቡ በቃል ባይገለጽም ቅጣት ሊባል እንደሚችል አስቀድሞ ተናግሮ ነበር።

በዚያ አገር የተፈረደበት እስረኛ በስምንተኛው፣ በካውንቲ ወይም በግዛት እጅ ያለ ያልተፈረደበት ደግሞ በአሥራ አራተኛው ማሻሻያ ይጠበቃል፤ የተፈረደበት ሰው የጠባቂውን ክፉ ሐሳብ ማስረዳት ዛሬም ግዴታው ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 ሁለቱንም በአንድ ላይ አስቀምጦ ሰብአዊ ክብራቸው እንዲጠበቅ ያዛል። ይህን ልዩነት በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ብትወያዩበት እወዳለሁ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሽሮ፣ የመመሪያው ስሕተት በውጤቱ ላይ ጉዳት ማድረሱን ይመረምር ዘንድ ጉዳዩን ወደ ይግባኝ ሰሚው መለሰው። እርሱም በዚያው ዓመት ጉዳት አድርሷል ብሎ እንደገና እንዲሰማ አዘዘ።