«ቦርዱ ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት
በወላጆችና በልጆች የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

 

ዛሬ የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ማዘርቦርድ፣ እዚህ አገር ሱቅ ውስጥ ደግሞ «ሉዋሕ ኤም» ስለሚባለው የኮምፒውተር ክፍል ነው። ትርጉሙ «እናት ሰሌዳ» ማለት ነው፤ ስሙም ልክ ነው። ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ዲስኩ፣ ማራገቢያው ሁሉም እርሱ ላይ ይሰካሉ፣ በእርሱም በኩል ይገናኛሉ። ከልጆቹ አንዱ ሲታመም የታመመችው እናቲቱ ትመስላለች። ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡን የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2020 በኮሮና ጊዜ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በአንዳንድ ቤት ሦስትና አራት ልጆች በአንድ ስልክ ሲማሩ አይተናል። ከዚያ ወዲህ ከልጆቻችን አንዳንዶቹ ዕቃውን አንድ በአንድ እየገዙ ኮምፒውተር ራሳቸው መግጠም ጀመሩ። ከእነዚህ አንዱ ክረምቱን ሙሉ ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ ገዛ፣ ገጠመ፣ ቁልፉን ተጫነ፤ ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆነ። አባቱ ተሸክሞ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰደው። «ኒስራፍ»፣ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዙ ተባለ፤ ለምርመራውም አስከፈሉት። አባትየው «ኒስራፍ» የሚለውን ቃል በደንብ ያውቀዋል፤ «ምኑ? እንዴት አወቃችሁ?» ብሎ ግን አልጠየቀም። ቆይተው ወደ እኛ ሲያመጡት ከፍተን አየን። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ መሰካት የነበረበት ባለ ስምንት ቀዳዳ የኤሌክትሪክ ገመድ አልተሰካም ነበር። ሰካነው፣ ተነሣ። ከገንዘቡ ይልቅ ያሳዘነን ልጁ «በእጄ አቃጠልኩት» ብሎ ለሳምንታት ዕቃውን ሳይነካ መቆየቱ ነው።

እንግዲህ ከየት እንጀምር? በመጀመሪያ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ። በቤታችን ያለው ኤሌክትሪክ 230 ቮልት ነው። ኃይል የሚሰጠውን ሣጥን፣ «ሳፓክ» የሚሉትን፣ ተነቅሎም ቢሆን በፍጹም አትክፈቱት፤ ውስጡ ኃይል ይዞ ይቆያል። ሰሌዳውን ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ ቀለም ያልተቀባ የቀፎውን ብረት ንኩ። በሻራቭ ቀን፣ አየሩ ሲደርቅ፣ ከሰውነታችን የሚወጣው ትንሽ ብልጭታ ዕቃውን ሊጎዳ ይችላል።

ምንም ምልክት ከሌለ፣ ማለትም መብራትም ማራገቢያም ከሌለ፣ ከሳፓኩ ጀርባ ያለው ማብሪያ ተከፍቶ እንደሆነ እዩ። አትሳቁ፣ እኛም ረስተነዋል። ቀጥሎ ትልቁ ባለ 24 ገመድ እስኪቆለፍ ድረስ መግባቱን ተመልከቱ። ከዚያ ከቀፎው የፊት ቁልፍ የሚመጡት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች በመመሪያው ሥዕል መሠረት በትክክለኛዎቹ እሾሆች ላይ መሆናቸውን አረጋግጡ። ቁልፉ ራሱ ተበላሽቶ እንደሆነ ለማወቅ ኃይሉን መልሳችሁ እነዚያኑ ሁለት እሾሆች ብቻ በካቻቢቴ ጫፍ ለአንድ ሰከንድ አነካኩ። ከተነሣ ጥፋቱ የቁልፉ ነው።

ተነሥቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ሰሌዳው ቀፎውን ነክቶ ሾርት አድርጎ ይሆናል። ከሥሩ የሚገቡት ትንንሽ የብረት እግሮች ከሰሌዳው ቀዳዳዎች ጋር መግጠም አለባቸው፤ አንዲት ትርፍ እግር ያለ ቦታዋ ከቀረች ችግር ታመጣለች። ሰሌዳውን አውጡና በመጣበት ካርቶን ላይ አስቀምጡት። የተጠቀለለበት የሚያብረቀርቅ ላስቲክ ላይ አይሁን፤ ያ ላስቲክ ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ ይችላል። ፕሮሰሰሩን ከነማቀዝቀዣው፣ አንድ ራምና ሳፓኩን ብቻ አገናኝታችሁ ሞክሩ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ከሁሉ ይልቅ ወደምናየው እንምጣ፤ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። በመጀመሪያ ከላይ ያልነውን ባለ ስምንት ገመድ እዩ። ቀጥሎ የስክሪኑ ገመድ የት ነው የተሰካው? ለብቻ የተገዛ የግራፊክስ ካርድ ካለ እርሱ ላይ ይሰካ እንጂ ሰሌዳው ላይ አይደለም። ከስማቸው መጨረሻ «ኤፍ» ያለባቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ ያለ ካርድ ምስል አይሰጡም። ከዚያ ራሙን አውጥታችሁ «ቀጭ» እስኪል መልሱ። ሁለት ከሆኑ በአብዛኞቹ ባለ አራት ቦታ ሰሌዳዎች ላይ ከፕሮሰሰሩ ተቆጥሮ ሁለተኛውና አራተኛው ቦታ ነው የእነርሱ። አልገባ ካለ አታስገድዱት፤ ዲዲአር 4 በዲዲአር 5 ቦታ አይገባም። አዲስ የዲዲአር 5 ሰሌዳ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ራሙን እየፈተነ ብዙ ደቂቃ ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ቡና አፍሉና ጠብቁት።

በብዙ አዳዲስ ሰሌዳዎች ላይ አራት ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ ሲፒዩ፣ ዲራም፣ ቪጂኤ፣ ቡት ተብለው የተጻፉ። በየትኛው ላይ መብራቱ እንደቆመ ተመልከቱ፤ ሥራው የተቋረጠው እዚያ ላይ ነው። መምህራንን ስናሠለጥን «ተማሪው ሰነፍ ነው» ከማለታችሁ በፊት የትኛው ጥያቄ ላይ እንደቆመ እዩ እንላለን፤ ይህም እንዲሁ ነው።

አንዳንዴ ሰሌዳው ፕሮሰሰሩን አያውቀውም። በ2018 የወጣ ቢ450 ሰሌዳ በ2020 የወጣውን ራይዘን 5000 ባዮሱ ካልታደሰ አያስነሣውም። ይህ እርጅና እንጂ መቃጠል አይደለም። ባዮሱ ሲታደስ ግን መብራት እንዳይቋረጥበት። ሰዓቱና ቀኑ በየጊዜው ወደ ኋላ ከተመለሰ ባትሪዋን፣ ሲአር 2032 የምትባለውን ባለ 3 ቮልት፣ ለውጡ። አሮጌዋን ሕፃን ከሚደርስበት አርቁ፤ ከዋጣት በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

እውነት የሚበላሽም አለ፤ አንክድም። የመቃጠል ሽታ፣ የጠቆረ ቦታ፣ ጫፉ ያበጠ ካፓሲተር ካያችሁ ልፋቱ ይብቃ። በኢንቴል ከ2004፣ በኤኤምዲ ከ2022 ኤኤም 5 ጀምሮ በቤት ኮምፒውተሮች ላይ ቀጫጭኖቹ እሾሆች ያሉት በፕሮሰሰሩ ላይ ሳይሆን በሰሌዳው ላይ ነው፤ አንዷ ከተጣመመች ዋስትናውን ልታሳጣችሁ ትችላለች። ስለዚህ ፕሮሰሰሩን ከማስቀመጣችሁ በፊት ቦታውን ፎቶ አንሡ፣ የፕላስቲክ ክዳኑንም ከደረሰኙ ጋር አኑሩት። ሰሌዳው ለዋስትና ሲመለስ ይጠየቃል።

ጥገና ቤት መሄድ ግድ ከሆነም ሁለት የዕብራይስጥ ቃላት ይዛችሁ ሂዱ። «ማ ባዳክቴም?»፣ ምን መረመራችሁ? መልሱንም «ቢክታቭ»፣ በጽሑፍ። አዲስ ከተገጠመላችሁ አሮጌውን ሰሌዳ አስመልሱ፤ ወደዚህ አምጡትና አብረን እናየዋለን።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንለፍ። አንነሣ ያሉ ሦስት ኮምፒውተሮች አሉ፤ አንዱ ላይ ስህተቱን ሆን ብለን ሠርተናል፣ የሁለቱን እኛም ገና አላየነውም። ልጆች ይክፈቱ፤ አባቶችና እናቶች የእጅ ባትሪ ያብሩላቸው።