የጋለ የመኪና ሞተር፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?



ለእጥበት የሚሄድ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይወድቃል። በለቀማ ወቅት አይሱዙ ሲቆም ኪሳራው የቡናም ነው። ቢሆንም ጥድፊያ አይወስንላችሁ፤ ማጓጓዝ ካልተቻለ እሸቱን በዚያው ዕለት አልጋ ላይ አስጡ።

ጭነት ይዞ ከሚዛን ወደ ቦንጋ ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ከጋለ፣ ቦታ ይዛችሁ አጥፉት። ሳይበርድ የራዲያተር ክዳን አትክፈቱ፤ ቀዝቃዛ ውኃ አታፍሱበት፤ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሲበርድ ዘይቱን እዩ። ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውኃ ተቀላቅሎበታል፤ አታስነሱት። ጓርኒሲዮን ብቻ ከተቃጠለና ቴስታታው በጥቂቱ ከተጣመመ ቶርኖ ቤት ይስተካከላል፤ መጠገኑ ያዋጣል። ፒስተን ሲሊንደሩን ከነከሰ ግን ወጪው ሌላ ነው።

ስለዚህ መካኒኩ ቴስታታውን አውርዶ ጉዳቱን ያሳያችሁ፤ የዕቃና የእጅ ዋጋውን በጽሑፍ ይስጣችሁ። ከዚያ ሦስት ሂሳብ አነጻጽሩ፦ ጥገናውን፣ ያገለገለ ሞተር መግዛቱን፣ ለዚህ ለቀማ መኪና መከራየቱን።

በመጨረሻም ያጋለውን ምክንያት ፈልጉ፦ የሚያፈስ ራዲያተር፣ የላላ ቺንጋ፣ የማይከፈት ቴርሞስታት ሊሆን ይችላል። ይህ ሳይገኝ መጠገን ገንዘብን ሁለት ጊዜ ማቃጠል ነው።