እጃችሁ የሚያውቀውን በወረቀት አረጋግጡ፦ ለቧንቧ ሙያ የብቃት ምዘና ዝግጅት

በኢታንግ ልዩ ወረዳ ለአርሶ አደሮች፣ ለከፊል አርብቶ አደሮችና ለልጆቻቸው በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር



በግብርና ሥልጠና ላይ ስለ ቧንቧ ሙያ መናገር ለምን አስፈለገ የምትሉ ትኖራላችሁ። ምክንያቱ ቅርብ ነው። በባሮ ዳር በቆሎና አትክልት የምታለሙት በፓምፕና በቱቦ ነው። የምትጠጡትም በቧንቧ ነው። ከባሮ አጠገብ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች የሚነሳው ውሃ የኢታንግን ከተማ፣ ቱርፋምን፣ እንዲሁም የኩሌን፣ የቲርኪዲንና የንጉኝየልን የስደተኞች መጠለያ ጣቢያዎች ያገለግላል። ይህን ያህል ሕዝብ የሚያጠጣ መስመር በየዕለቱ የሚጠግነው ሰው ይፈልጋል።

በየቀበሌው ቱቦ መቀጠል፣ ፓምፕ መፍታትና ቧንቧ መቀየር የሚችሉ ወጣቶች አሉ። ነገር ግን ቀጣሪ ድርጅትም ሆነ ሥራ ተቋራጭ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነው፤ በተለምዶ ሲኦሲ የምንለውን። ወረቀቱ የሌለው ወጣት ጉድጓድ ቆፋሪ ሆኖ ይቀጠራል፤ ቧንቧውን የሚገጥመው ሰው ከሌላ ቦታ ይመጣል። ያ ሰው ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ መስመሩ በክረምት ቢሰበር የሚጠግን አይኖርም።

1. ምዘናውን ማን ይወስዳል?

በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሙያን የሚመዝነው በተማሩበት ቦታ ሳይሆን ሠርቶ በማሳየት ነው። ስለዚህ በኮሌጅ የተማረም፣ በአጫጭር ሥልጠና ያለፈም፣ ከአባቱ ወይም ከጎረቤቱ በሥራ ላይ የለመደም መመዘን ይችላል። በዚያ ስትራቴጂ ደረጃዎቹ ከ1 እስከ 5 ነበሩ። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። በአንዱ ጎበዝ መሆን ለሌላው አይበቃም። ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ይባላል። «ገና» የሚለውን ቃል ልብ በሉ፤ የጎደለውን አሟልቶ ተመልሶ መመዘን ይቻላል ማለት ነው።

የመጀመሪያ ሥራችሁ ለምትመዘኑበት ሙያና ደረጃ የወጣውን የሙያ ደረጃ ሰነድ ማግኘት ነው። በጋምቤላ ከተማ ያለውን የቴክኒክና ሙያ ተቋም ወይም የምዘና ማዕከሉን ጠይቁ። ሰነዱ መዛኙ የሚያየውን ሁሉ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። የምትችሉትን ምልክት አድርጉበት። ምልክት ያላገኘው የጥናት ዕቅዳችሁ ይሆናል።

2. ከማሳችሁ የምታውቁት ንድፈ ሐሳብ

ጽሑፉን የሚፈሩ ብዙዎች መልሱን በእጃቸው ያውቁታል። በበጋ ባሮ ሲጎድል ዳር ላይ የተቀመጠው ፓምፕ ለምን ውሃ አልስብ እንደሚል አይታችኋል። ፓምፕ ውሃን የሚስበው በአየር ግፊት ስለሆነ በተግባር ከ7 ሜትር በላይ ጥልቀት መሳብ ይቸግረዋል። መፍትሔው ፓምፑን ወደ ውሃው ዝቅ ማድረግ ነው። በመሳቢያው ቱቦ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ካለች ደግሞ ውሃ አይፈስባትም፤ አየር ይገባባታል፣ ፓምፑም ይደርቃል።

ግፊትም እንዲሁ ነው። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ወደ 1 ባር ግፊት ይሰጣል። ታንከር 6 ሜትር ማማ ላይ ቢቆም፣ ከታንከሩ ሥር ባለው ቧንቧ የምናገኘው ግፊት 0.6 ባር ያህል ነው። የማማው ቁመት እንጂ የታንከሩ ስፋት ግፊት አይጨምርም። የፍሰት ሒሳብን በጀሪካን ተለማመዱ፦ 20 ሊትር ጀሪካን በ80 ሰከንድ ቢሞላ፣ በደቂቃ 15 ሊትር፣ በሰዓት 900 ሊትር ነው።

ብዙ ተመዛኞችን የሚያሳስተው የመጠን አጠራር ነው። የብረት ቧንቧ በኢንች የሚጠራው በውስጡ ስፋት ግምት ሲሆን፣ ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ግን የሚለካው በውጪው ስፋት በሚሊሜትር ነው። ስለዚህ የግማሽ ኢንች ብረት ጓደኛ 20 ሚሊሜትር ፒፒአር ነው፤ የሦስት ሩብ ኢንች 25፣ የአንድ ኢንች ደግሞ 32።

የመሣሪያና የመገጣጠሚያ ስሞች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይጻፋሉ። በቤታችሁ ኑዌርኛ፣ አኙዋክኛ ወይም ኦፖኛ የምትናገሩ ወጣቶች ስሙን በሦስቱም ጻፉት፦ በቋንቋችሁ፣ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ። በቀን አምስት ስም ብትይዙ በአንድ ወር 150 ይሆናል።

3. እጅን ማዘጋጀት

አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ ይባላል። መዛኙ የተጠናቀቀውን ሥራ ብቻ ሳይሆን አሠራራችሁንም ይመለከታል። እነዚህን ደጋግማችሁ ተለማመዱ፦

ሀ) የብረት ቧንቧ ከተቆረጠ በኋላ በውስጥ በኩል የሚቀረውን ስለታም ጠርዝ ማጽዳት። ካልጸዳ ውሃውን ያንቃል፣ ቆሻሻም ይይዛል።

ለ) ቴፍሎን መጠቅለል። የጥርሱን ጫፍ ወደ እናንተ አዙራችሁ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ጠቅልሉ። በተቃራኒው የተጠቀለለ ቴፍሎን ሲጠብቅ ይፈታል።

ሐ) ፒፒአር ማቅለጥ። ማሽኑ ወደ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሙቅ። ባለ 20 ሚሊሜትር 5 ሰከንድ፣ ባለ 25 ሚሊሜትር 7 ሰከንድ፣ ባለ 32 ሚሊሜትር 8 ሰከንድ ይሞቃል። ስትገጥሙ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ፤ አታሽከርክሩ፤ እስኪጠነክር አትነቅንቁ። ከመጠን በላይ የሞቀ ቧንቧ በውስጡ ይደፈናል።

መ) የፍሳሽ ቱቦ ተዳፋት። ለአነስተኛ የቤት ፍሳሽ መስመር በአንድ ሜትር 2 ሴንቲሜትር ዝቅታ በውሃ ልክ እየለካችሁ ሥሩ። ከመታጠቢያው ሥር ያለው ጉብጥ ቱቦ ውሃ የሚይዘው ሽታ ወደ ቤት እንዳይገባ ነው። «ለምን?» ብትባሉ መመለስ አለባችሁ።

ሠ) የግፊት ሙከራ። መስመሩ ከመቀበሩ በፊት ውሃ ሞልታችሁ፣ አየሩን አስወጥታችሁ፣ ከሚሠራበት ግፊት በላይ ፈትሹት፤ የተለመደው አንድ ተኩል እጥፍ ነው።

ሙከራው ለመዛኙ ብቻ የሚደረግ አይምሰላችሁ። ባሮ ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ መስመሩ በጎርፍ ውስጥ ይተኛል። ፓምፑ ቆሞ ግፊት ሲጠፋ፣ ውሃ ያንጠባጥብ የነበረው መገጣጠሚያ የጎርፉን ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የተቀላቀለበት ያ ውሃ በማግሥቱ በልጆቻችሁ ኩባያ ይቀዳል። ኮሌራና ተቅማጥ እንዲህ ይገባል። በሚገባ ያልጠበቀ አንድ መገጣጠሚያ መንደር ሊያሳምም ይችላል፤ ምዘናው ጥብቅ የሆነውም ለዚህ ነው።

4. በምዘናው ቀን

መታወቂያችሁንና ማመልከቻችሁን ከዋዜማው አዘጋጁ። በዝናብ ወቅት መንገድ ሊያስቸግር ስለሚችል ጋምቤላ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። ዝግ ጫማ አድርጉ፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ ተጠቀሙ። ሥዕሉን ሳታነቡ ቧንቧ አትቁረጡ። መሣሪያ ሲጎድል ጠይቁ። ሲያበቃ ጥራጊውን አንሱ፣ መሣሪያውን ጠርጋችሁ መልሱ፤ ይህም ይታያል።

ለወላጆች አንድ አደራ አለኝ። ልምምድ ጊዜ ይፈልጋል። ልጃችሁን፣ ሴት ልጃችሁንም ጭምር፣ በእርሻው ሥራ መካከል በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ልቀቁ። ውሃ ፍለጋ ጀሪካን ተሸክማ የምትመላለሰው እሷ ናት፤ መስመሩ ሲሰበርም ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። ቧንቧውን ጠግና ደመወዝ የምትቀበልበት ዕድል አይዘጋባት።

በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ሦስት አራት ሆናችሁ የልምምድ ቡድን አቋቁሙ፤ ቁርጥራጭ ቧንቧ ሰብስቡ። ሁለተኛ፣ ከቡድኑ አንድ ሰው ጋምቤላ ሲሄድ የሙያ ደረጃ ሰነዱን ይዞ ይምጣ፤ የምዝገባውን ቀንና ክፍያም ጠይቆ ይመለስ።