ጉሮሯችንን ሲያመን
(በእሑድ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

 

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እንደናንተው የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። ስለ ጉሮሮ ሕመም ተናገሪ ስባል እሺ ያልኩት ግን በምክንያት ነው። ታናሽ እህቴን ልጅ እያለች ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር። እናታችን ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ትሰጣታለች፤ ጎረቤት ደግሞ «እንጥሏ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥላት» ይላል። ሐኪም ሳያያት አደገች። ዛሬ የልብ በሽተኛ ናት፤ በየ4 ሳምንቱ መርፌ ትወጋለች። ከደሞዜ አገር ቤት የምልከው አብዛኛው ለእሷ ነው።

በኋላ ሐኪሙ እንዲህ ብሎ አስረዳን። የጉሮሮ ሕመም አብዛኛው በቫይረስ የሚመጣ ነው። ንፍጥ አለ፣ ሳል አለ፣ ድምፅ ይዘጋል፤ በአንድ ሳምንት ገደማ በራሱ ይለቃል። ለዚህኛው አንቲባዮቲክ ምንም አይሠራም። ሌላው በባክቴሪያ የሚመጣው ነው። ይኼኛው ብዙ ጊዜ ሳልና ንፍጥ የለውም። ድንገት ትኩሳት፣ ምራቅ ሲውጡ ከባድ ሕመም፣ ቶንሲል ላይ ነጭ ነገር፣ አንገት ላይ ሲነኩት የሚያም እብጠት ይዞ ይመጣል። በተለይ ልጆች ላይ ሳይታከም ከቀረ ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያንና ልብን ሊጎዳ ይችላል። እህቴን ያገኛት ይኼ ነው። በዓይን ብቻ መለየት ለሐኪምም ያስቸግራል፤ ከጉሮሮ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል።

ስለዚህ ከጓደኛ የተረፈ አሞክሳሲሊን ሁለት ፍሬ ለምናችሁ አትዋጡ። እኔም አድርጌዋለሁ፣ አልዋሽም። ሐኪም ካዘዘላችሁ ግን በ3ኛው ቀን ቢሻላችሁም እስከ መጨረሻው ጨርሱት። ፔኒሲሊን የማይስማማት ካለች አስቀድማ ትናገር።

ለማስታገሻ፣ ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡና ጉሮሯችሁ ድረስ አድርሳችሁ ተጉመጥመጡ፤ ከዚያ ትፉት። ሻይ በማርም ደግ ነው። (ማሩን አስፈቅዳችሁ ውሰዱ! በአንድ ማንኪያ ማር ሌባ የተባለች አውቃለሁ።) ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራም ከሆነ 1 ወይም 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ። ጉበቷን የሚያማት ሐኪም ሳትጠይቅ አትውሰድ። ፓናዶልም ያው ፓራሲታሞል ነው፤ ብዙዎቹ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም አለበት፣ አትደራርቡ።

አሁን ሐኪም የማይጠይቀንን ልንገራችሁ፤ ክሎር። መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ ሽንት ቤቱ ቶሎ እንዲነጣልኝ ብዬ ክሎርን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ቀላቀልኩት። በሩ ተዘግቷል፣ መስኮት የለም። ጉሮሮዬ ተቃጠለ፣ ዓይኔ አለቀሰ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። ሁለቱ ሲገናኙ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ክሎርን ከውሃ በቀር ከምንም አትቀላቅሉ፤ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም ቢሆን። ማዳም «ቀላቅይው» ብትል እንኳ እሺ በሉና ለየብቻ ተጠቀሙ። ከተሳሳታችሁ ሁሉን ትታችሁ ወደ ንጹሕ አየር ውጡ።

«ታመምኩ የምትለው ሥራ ሸሽታ ነው» እንዳንባል ፈርተን ዝም እንላለን። አውቃለሁ። ነገር ግን ምራቅ መዋጥ ካቃታችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ አፋችሁ አልከፈት ካለ፣ ወይም ጉሮሯችሁ በአንድ በኩል ካበጠ ለነገ አይባልም። እዚህ ሊባኖስ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 140 ነው። ከሳምንት በላይ የቆየ ሕመምም ሐኪም ይየው።

ለማዳም እንዲህ በሏት፦ «ሐልኢ ዓም ዩጃዕኒ» ማለት ጉሮሮዬን እያመመኝ ነው፤ «መዒ ሐራራ» ማለት ትኩሳት አለኝ። እስቲ አብረን እንበላቸው። ከኋላ የተቀመጣችሁም፣ ድምፃችሁ ይሰማ።