የቀራጺው ስሕተት ወይስ የታሪክ ምስክር? በጥንታዊ የሮም ሳንቲሞች ላይ ስሕተትንና ብርቅዬ ዓይነትን ስለ መለየት



የዛሬው ንግግሬ የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። በአንድ የሮም ሳንቲም ላይ ያልጠበቅነውን ፊደል ወይም ስም ስናገኝ «ስሕተት ነው» ለማለት መብት የሚኖረን መቼ ነው?

አስቀድመን አሠራሩን እንመልከት። የሮም ሳንቲም በእጅ የተመታ ነው። ቀራጺው ሁለት ማተሚያዎችን ያዘጋጃል፤ የታችኛው አብዛኛውን ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ የላይኛው የጀርባውን ምስል ይይዛል። የወርቅ፣ የብር ወይም የነሐስ ቁራጭ በመካከላቸው ይቀመጥና በመዶሻ ይመታል። ፊደሎቹ በማተሚያው ላይ ተገልብጠው መቀረጽ ስላለባቸው፣ ፊደል መዝለል፣ መድገም ወይም ማዞር እንግዳ ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን መለየት ይገባናል። የቀራጺው ስሕተት በማተሚያው ላይ ያለ ነውና ከዚያ ማተሚያ በወጡ ሳንቲሞች ሁሉ ይደገማል። የመቺው ስሕተት ግን የአንድ ምት ውጤት ነው፤ ለምሳሌ የተመታው ሳንቲም ከላይኛው ማተሚያ ጋር ተጣብቆ ሲቀር፣ ቀጣዩ በአንድ ገጹ ትክክለኛውን መልክ፣ በሌላው ያንኑ መልክ ጎድጓዳና ግልብጥ አድርጎ ይወጣል። ሦስተኛው ከጊዜ በኋላ የደረሰ ነው፤ ዝገት፣ መፋቅ፣ ወይም ዋጋ ለማስወደድ በመሣሪያ መነካካት። የአጥኚው የመጀመሪያ ሥራ እንግዲህ ከዚያው ማተሚያ የወጣ ሁለተኛ ሳንቲም መፈለግ ነው።

ችኮላ ምን እንደሚያሳጣ የዶሚቲያኖስ ሳንቲም ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1900 በምዕራብ ፈረንሳይ ይህ ስም ያለበት አንድ ሳንቲም ተገኘ። በዚያ ዘመን በጎል ምድር በዚህ ስም ገንዘብ ያስመታ ገዥ አይታወቅም ነበርና ሐሰተኛ ተብሎ ተጣለ። በ2003 በእንግሊዝ አገር፣ በኦክስፎርድሺር ቻልግሮቭ፣ 5,000 ያህል ሳንቲሞች በያዘ ማሰሮ ውስጥ ሁለተኛው ተገኘ። ሁለቱም ከአንድ ጥንድ ማተሚያ የወጡ ናቸው። ልብ በሉ፤ የማተሚያው አንድነት ብቻውን ጥንታዊነትን አያረጋግጥም፤ አስመሳይም ከአንድ ማተሚያ ብዙ ሊመታ ይችላል። ክርክሩን የቋጨው ማሰሮው ነው። በ271 ገደማ ለአጭር ጊዜ የነገሠ ሰው በዚህ መንገድ ወደ ታሪክ ተመለሰ።

ሁለተኛው ምሳሌ ገና አከራካሪ ነው። በንጉሠ ነገሥት ጋሊዬኖስ አንዳንድ የወርቅ ሳንቲሞች ላይ ጢማሙ ንጉሥ «ጋሊዬናይ አውጉስታይ» በሚል የሴት ጾታ በሚመስል መጠሪያ ተከቦ ይታያል። ከፊሎቹ የጠላት ፌዝ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ንጉሡ ራሱን ከእህል አምላክ ከዴሜጥር ጋር ማመሳሰሉ ነው ይላሉ፤ የቀሩት ደግሞ «ጋሊዬኔ አውጉስቴ» የሚል ጥሪ ሆኖ አጻጻፉ ብቻ የተለወጠ ነው ባዮች ናቸው። ጽሑፉ ከአንድ በላይ ከሆኑ የጀርባ ምስሎች ጋር ስለሚገኝ የአንድ ቀን የእጅ መሳት ሊሆን አይችልም። እኔ ወደ ሦስተኛው አደላለሁ፤ በዘመኑ አነጋገር ሁለቱ ድምፆች ተቀራርበው ነበርና።

የብራና መጻሕፍትን የምታጠኑ ይህን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ የቁም ጸሐፊ ስሕተት የቅጂዎችን ዝምድና ይገልጣል። የአክሱም ሳንቲሞችም እንዲሁ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የወርቅ ሳንቲሞች ክብደታቸው ከሮም ሥርዓት ጋር የተዛመደ፣ ጽሑፋቸውም ግሪክኛ ነበር፤ በኋለኞቹ ላይ ግን ግሪክኛው እየተበላሸ ይሄዳል። ይህን አርሞ የሚመዘግብ ሰው፣ የአንድ ቋንቋ መዳከም የተጻፈበትን ማስረጃ በገዛ እጁ ይደመስሳል።

ስለዚህ አደራዬ ይህ ነው፤ ያያችሁትን ፊደል እንዳያችሁት ጻፉ፤ መዝኑ፣ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ከሁሉ በላይ የተገኘበትን ስፍራ መዝግቡ። ያለ መዝገብ ተቆፍሮ የተሸጠ ሳንቲም ማሰሮውን ያጣ ምስክር ነው፤ ቢናገርም የሚያምነው አያገኝም።