የናና ዘይቱ ጠርሙስና የብድር ሳጥናችን
(በሩብ ዓመቱ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ሁልጊዜ እዚህ የምቆመው የቁጠባና የብድር ሂሳብ ለማንበብ ስለሆነ፣ ዛሬ ስለ መድኃኒት ላውራ ስል የሚገርማችሁ ትኖራላችሁ። ሐኪም አይደለሁም። ነገሩ ግን በሂሳብ መዝገቤ በኩል ስለመጣ ዝም ልለው አልቻልኩም።

ባለፈው ወር አንድ ሻጭ ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥቶ ፔፐርሚንት የሚባል የናና ዘይት አሳየን። 10 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ትንሽ ጠርሙስ ናት፤ ዋጋዋ 600 ብር። 60 ጠርሙስ ወስደን እያንዳንዱን በ800 ብር ለአባላትና ለጎረቤት ብንሸጥ 12,000 ብር እናተርፋለን አለን። ዘይቱ ራስ ምታት፣ ጨጓራ፣ ጉንፋን፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የማይፈውሰው የለም። አራት ቡድኖች በዚያው ቀን «ይገዛ» ብለው ፈረሙ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ራሴ የትርፉን ሂሳብ ስሠራ ልቤ ሞቆ ነበር። አንዲት ጠርሙስ ለናሙና ገዝቼ ቤት ወሰድኩ።

መጀመሪያ ዘይቱ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ፔፐርሚንት በውኃ ዳር ከሚበቅል ናናና ከተራው ናና የተዳቀለ ተክል ነው። ዘር ስለማይሰጥ የሚባዛው በሥሩና በግንዱ ቁራጭ ነው። በአገራችን የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል እንደዚህ ባሉ የመዓዛና የመድኃኒት ተክሎች ላይ ይሠራል። ዘይቱ የሚወጣበት መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አረቄ ስናወጣ ድፍድፉን ጥደን፣ እንፋሎቱን በመቃ አሳልፈን፣ ቀዝቅዞ ሲንጠባጠብ እንደምንቀበለው ማለት ነው። ልዩነቱ ምርቱ ላይ ነው። ከአንድ ኩንታል ትኩስ ቅጠል የሚገኘው ዘይት በተለምዶ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ስለዚህ ውድ መሆኑ አይገርምም፤ አንድ ጠብታው የስንት ቅጠል ጉልበት እንደሆነም አስቡት። ናና ሻይ ጠጥቶ ያልተጎዳ ሰው «ዘይቱም ያው ናና ነው» ቢል የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ይጠቅማል ወይ? አዎ፣ ለአንዳንድ ነገር። በውስጡ ያለው ሜንቶል የሚባለው ነገር የአንጀትን ጡንቻ ያላላል። ሆዳቸው እየተነፋ፣ እየቆረጣቸው፣ አንዴ ተቅማጥ አንዴ ድርቀት እያመላለሰ ለዓመታት የሚያሰቃያቸው ሰዎች አሉ፤ ተመርምረውም ቁስል ወይም ተሕዋስ አይገኝባቸውም። ለእነዚህ የናና ዘይት ማስታገሻ ሊሆን እንደሚችል የአሜሪካ የሆድና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ላይ ጠቅሶታል፤ ማስረጃው ጠንካራ እንዳልሆነም አብሮ ጽፏል። ለራስ ምታትም በጀርመን አገር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጥናት ተደርጎ ነበር። በአልኮል የተበረዘ የናና ዘይት ግንባርና ጆሮ ግንድ ላይ ተቀብቶ ከፓራሲታሞል ጋር ሲነጻጸር በማስታገስ ረገድ ጉልህ ልዩነት አልታየም። ጥሩ ነው። ግን ለሁለት ፍሬ ፓራሲታሞል ስንት እንደምንከፍል ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ስኳርንና ደም ግፊትን ይፈውሳል ያለው ግን ውሸት ነው። ይህን ሰምታ የግፊት ኪኒኗን ያቆመች እህት ካለች እባካችሁ ዛሬ ከአዳራሹ ሳትወጣ ታናግረኝ፤ አብሬያት ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ።

አሁን ወደ ጨጓራ ልምጣ። እዚህ ካለነው ስንቶቻችን ጨጓራ አለብን? እጅ አላስወጣችሁም፣ የእኔን ላውጣ። እኔ የቃር ሰው ነኝ። የናሙናውን ጠርሙስ ቤት ወስጄ ሻጩ እንዳለኝ ሦስት ጠብታ በሙቅ ውኃ ላይ አድርጌ ጠጣሁት። ዘይትና ውኃ አይቀላቀልም፤ ዘይቱ እላይ ተንሳፎ ስለነበር በመጀመሪያው ጉንጭ ሁሉም አፌ ውስጥ ገባ። ከንፈሬንና ጉሮሮዬን አቃጠለኝ፤ ሌሊቱንም ቃሩ ተነስቶ ቁጭ ብዬ አነጋሁ። በኋላ አንዲት ፋርማሲስት ስታስረዳኝ ምክንያቱ ገባኝ። ዘይቱ አንጀትን እንደሚያላላው ሁሉ፣ በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መካከል ያለውንም በር ያላላዋል። በሩ ሲላላ አሲዱ ወደ ላይ ይወጣል። ለዚህ ነው ለሕክምና የሚሠራው የናና ዘይት በጨጓራ ውስጥ በማይሟሟ ሽፋን ተጠቅልሎ እንደ እንክብል የሚዋጠው፤ የሚፈታው አንጀት ሲደርስ ነው። እንክብሉም ቢሆን ከምግብ በፊት ሳይታኘክ ይዋጣል፤ ከአሲድ ማብረጃ ጋር አይወሰድም፤ ሽፋኑ ያለ ቦታው ይፈታልና። ቃር የሚያስቸግረው ሰውና የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ባይነካው ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ጨጓራ የምንለው ሕመም ብዙ ጊዜ ኤች ፓይሎሪ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጣ ነው። ተመርምሮ፣ ሐኪም ባዘዘው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይድናል። የናና ዘይት አያድነውም። በ800 ብር ዘይት ገዝታ ስድስት ወር የምትጠብቅ እህት፣ ምርመራውን ስድስት ወር አዘገየች ማለት ነው፤ ቁስሉ ደግሞ አይጠብቃትም። ከተማችን ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር፤ ሰው ለጠበሉና ለፍል ውኃው ከሩቅ ይመጣ ነበር። የፈውስ ነገር ሲነገረን ቶሎ የምናምነው ከዚያ የወረስነው ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።

ስለ ሕፃናት በጣም ጠንከር አድርጌ ልናገር። በሰፈሬ አንዲት አያት የአምስት ወር የልጅ ልጃቸው ጉንፋን ይዞት ሲያለቅስ ከዚሁ ዓይነት ዘይት በአፍንጫው ሥር ቀቡት። ሕፃኑ ወዲያው ትንፋሽ አጥሮት ፊቱ ጠቆረ። ባጃጅ ተጠርቶ ጤና ጣቢያ ደረሰ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። እትዬ ክፉ አላሰቡም፤ እሳቸው በልጅነታቸው በባሕር ዛፍ ቅጠል ታጥነው ያደጉ ናቸው። ነገር ግን ሜንቶል የትንሽ ሕፃን አፍንጫ ወይም ፊት ላይ ሲቀባ ጉሮሮው በድንገት ሊጨመደድ፣ ትንፋሹም ሊቆም ይችላል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ የናና ዘይትም ሆነ ሜንቶልና ካምፎር ያለበት ቅባት በፊቱ፣ በአፍንጫውና በደረቱ ላይ አይደረግም። የባሕር ዛፍ ዘይት የሚሸጥ ሰው ነገ ቢመጣም ያው ነው፤ እሱ እንዲያውም በጥቂቱ ቢዋጥ ልጅን ይመርዛል። እንደ ነጭ ጋዝ ቁጠሩት፤ ልጅ በማይደርስበት ይቀመጥ።

አሁን የእኔ ቤት ወደሆነው ሂሳብ። ለአንጀት ሕመም የሚታዘዘው መጠን ብዙ ጊዜ 0.2 ሚሊ ሊትር በቀን ሦስት ጊዜ ነው፤ በቀን 0.6 ማለት ነው። የሻጩ ጠርሙስ 16 ቀን ቢያደርስ ነው። በእኛ መግዣ ዋጋ እንኳ የወሩ 1,080 ብር ይሆናል፤ ያውም ሽፋን የሌለው፣ እንዲህ ሊዋጥ የማይገባው ዘይት። ከአምቦ ገበያ አንድ እስር ናና የምንገዛበትን ዋጋ ከዚህ አጠገብ አስቀምጡት።

ደረሰኝ ስጠኝ ብለው «ኋላ ይመጣል» አለኝ። ጠርሙሱ ላይ የአምራች አድራሻ የለም፤ የምርት ቁጥርም፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀንም የለም። አገራችን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አላት፤ መድኃኒት ነው ተብሎ የሚሸጥ ነገር በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት። ሳይመዘገብ ብንሸጥና ሰው ቢጎዳ የሚጠየቀው ማኅበራችን ነው። ሻጩማ ስልኩን ይዘጋል።

አንድ ሙከራም አደረግሁ፤ እናንተም ቤታችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣል አድርጉና እስከ ማግስቱ ተዉት። ንጹሕ የናና ዘይት ተንኖ ይጠፋል፤ የምግብ ዘይት ከተቀላቀለበት ግን ቅባቱ ይቀራል። የእኔ ወረቀት ጠዋት ሳየው ፓስቲ የተጠቀለለበት ይመስል ነበር። ይህ ሙከራ ሁሉንም ማጭበርበር አይዝም፤ በአልኮል የተበረዘ ዘይት ያለ ምልክት ያልፋል። እኔን ግን በቃኝ።

36,000 ብር በአሁኑ የብድር ጣሪያችን ለስድስት እህቶች የሚሆን ብድር ነው። ተራ የሚጠብቁትን ስም ዝርዝር ይዤዋለሁ፤ በግ ለማድለብ የጠየቁ አሉ፣ ምጣድ ለመግዛት የጠየቀች አለች። ስለዚህ የሥራ አመራር ኮሚቴው ግዢውን እንዲሰርዘው ሐሳብ አቀርባለሁ። የፈረማችሁት አራት ቡድኖች ቅር እንዳትሰኙ፤ ድምፅ የምንሰጠው ከቡና በኋላ ነው፣ የሚቃወም ይናገር።

ናናውን የምትወዱት ግን ከጓሮዬ ቁራጭ ይዤ መጥቻለሁ፤ በሩ አጠገብ ባልዲ ውስጥ አለ። ተራው ናና እንጂ ፔፐርሚንት አይደለም፤ ለሻይ ግን ማለፊያ ነው። የልብስ ማጠቢያ ውኃ በማይደርስበት እርጥብ ቦታ ትከሉት፤ ጓሮውን ሁሉ እንዳይወርስ ዙሪያውን በድንጋይ ክበቡት። የናሙናው ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ማሽተት የምትፈልጉ እዩት፣ ሕፃን ያዘላችሁ ግን ራቅ በሉልኝ።