ቤታችንን በመኪና ጭነን ወደ ባሌ ተራሮች ለመጓዝ የታሰበው ዕቅድ
(በሠፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጉዞ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



እንደምታስታውሱት ባለፈው ስብሰባ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ይኸውም ከገና በኋላ አንድ ቅጥቅጥ አይሱዙ ተከራይተን፣ በባለንብረቱ ፈቃድ የኋላ ወንበሮቹን አስነሥተን፣ ፍራሽና የማብሰያ ዕቃ ጭነን፣ መኪናውን ራሱን ቤት አድርገን እስከ ደሎ መና ደርሰን እንድንመለስ ነው። በውጭ አገር እንዲህ ያለውን መኪና ሞተርሆም ይሉታል፤ አልጋውም ማድ ቤቱም እዚያው ውስጥ ተሠርቶ ይመጣል። የእኛውን ግን የምናሰናዳው ራሳችን ስለሆንን፣ ጉድለቱን አስቀድሞ ማወቅም የእኛው ፈንታ ነው።

ስለ በቆጂ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሩጫችንን ነው። የደራርቱ ቱሉን፣ የፋጡማ ሮባን፣ የቀነኒሳ በቀለንና የጥሩነሽ ዲባባን አገር ለማየት እንግዳ ከባሕር ማዶ ይመጣል። እኛስ? ወደ አሰላና ወደ አዳማ የሚወስደውን መንገድ እንጂ፣ በስተደቡብ ያለውን አገር ስንቶቻችን አይተነዋል? የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ልጆቻችን ይህን በመጽሐፍ ብቻ እንዳያውቁት ነው ሐሳባችን።

ታዲያ አንዳንድ አባላት «ሦስት ቀን ይበቃል፤ ኪሎ ሜትሩ ይህን ያህል አይደለም» ብለዋል። ኮሚቴው ግን የተራራ መንገድ በኪሎ ሜትር አይለካም ይላል። የሚለካው በዳገቱ፣ በቁልቁለቱና በሌሊቱ ብርድ ነው። ስለዚህ ስድስት ቀን እንዲሆን እናሳስባለን፤ ምክንያታችንንም እነሆ።

በመጀመሪያ ስለ መንገዱ። በአንደኛው ቀን ማለዳ ተነሥተን በመራሮ፣ በአሳሳ፣ በዶዶላና በአዳባ አልፈን ዲንሾ እናድራለን። ዲንሾ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ሲሆን ከፍታው ወደ 3,100 ሜትር ነው። ሁለተኛውን ቀን እዚያው እንውላለን፤ የመግቢያውን ከፍለን፣ አስጎብኚ ይዘን ደጋ አጋዘን እናያለን፤ ሰውነታችንም ከፍታውን ይለምዳል። በሦስተኛው ቀን በሮቤ አድርገን ጎባ እንገባለን፤ ናፍጣ እንሞላለን፣ መኪናውን እናስፈትሻለን፣ እዚያው እናድራለን። በአራተኛው ቀን ገና ሲነጋ የሳነቴን አምባ አቋርጠን፣ በሐረና ደን ወርደን ደሎ መና እናድራለን። በአምስተኛው ቀን ተመልሰን ጎባ፤ በስድስተኛው ቀን ቤታችን። ሌሊት መንዳት ፈጽሞ የለም። በዚህ አገር መንገድ ጋሪ አለ፣ ፈረስ አለ፣ የከብት መንጋ አለ፤ ጠዋት ደግሞ ጉም ይወርዳል። የመንገዱንም ደኅንነት በየከተማው ከአስተዳደሩና ከሾፌሮች ጠይቀን ነው የምናልፈው። አይሆንም ከተባልን ከዲንሾም ቢሆን እንመለሳለን፤ ቅር የሚለው አይኑር።

በሁለተኛ ደረጃ ስለ ከፍታው። በቆጂ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ጎባም ከእኛ ብዙ አትለይም። ሳነቴ ግን ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ቱሉ ዲምቱ፣ ማለትም ቀዩ ተራራ፣ 4,377 ሜትር ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው ወደ 60 ከመቶ ግድም ይሆናል። «እኛ የደጋ ልጆች ነን፣ ምን እንሆናለን?» የሚል አይጠፋም። ለደጋ መልመድ ይረዳል እንጂ ዋስትና አይደለም። ከአዳማ የሚመጡ ዘመዶቻችን ቢኖሩማ የባሰ ይከብዳቸዋል። ራሱን ያመመው፣ ያቅለሸለሸው፣ እግሩ የተሳሰረበት ሰው ቢኖር «ትንሽ ልተኛ ይተወኛል» አይባልም፤ መድኃኒቱ ሳይውል ሳያድር ወደ ታች መውረድ ነው። የልብ ወይም የመተንፈሻ ሕመም ያለባቸው አባቶችና እናቶች ከመመዝገባቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። በሳነቴ ላይ አናድርም ያልነውም ለዚሁ ነው፤ እዚያ በበጋው ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

በሦስተኛ ደረጃ ስለ መኪናው። አየር ሲሳሳ ሞተርም እንደ ሰው ይደክማል፤ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ጭስ ያበዛል። ስለዚህ ጭነት ማብዛት አይገባም። የተጓዦች ቁጥር ከ14 አይበልጥም። ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ውሃ ብናስብ ለ14 ሰው 70 ሊትር፣ ያውም 70 ኪሎ ማለት ነው፤ ስለዚህ የሁለት ቀን ብቻ ይዘን በየከተማው እንሞላለን። ውሃውና ዱቄቱ ወለል ላይ እንጂ ጣሪያ ላይ አይጫንም፤ ከላይ የከበደ መኪና መታጠፊያ ላይ ይወዛወዛል። ከሳነቴ ወደ ሐረና የሚወርደው ቁልቁለት ጥምዝምዝ ነው። እዚያ ላይ ፍሬን እየረገጡ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። በከባድ ማርሽ፣ በሞተሩ ኃይል እየተያዙ መውረድ ነው ደንቡ። ሾፌሩን «ፍጠን» የሚል ተሳፋሪ ከኮሚቴው ጋር ይጣላል። ስኮርታ ጎማው፣ ክሪኩና የፍሬኑ ሸራ ከመነሣታችን በፊት በዓይናችን ፊት ይታያሉ።

በአራተኛ ደረጃ፣ ከሁሉ በላይ ልታደምጡን የምንፈልገው ስለ ከሰል ነው። ሌሊት ሲበርድ ምድጃ ወደ መኪናው ማስገባት ያምራል። ይህ ሞት ነው! ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅሰው ይወስደዋል። ነዶ የጨረሰ፣ ፍም ብቻ የቀረ የሚመስለውም ያው ነው። ስለዚህ ከሰልም ሆነ ቡታ ጋዝ መኪናው ውስጥ አይለኮስም፤ ለማሞቅ ብሎ ሞተር አስነሥቶ መተኛትም ክልክል ነው። መስኮት ጥቂት ተከፍቶ ያድራል፤ ብርዱን የምንከላከለው በጋቢ፣ በብርድ ልብስና በካፖርት ነው። ተራ ጠባቂ በየሌሊቱ ይመደባል።

ስለ ምግቡም ከዚሁ ጋር እንናገር። በ4,000 ሜትር ላይ ውሃ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ባቄላም ምስርም እንፋሎት ብቻ ሆኖ አልበስል ይላል። እናቶቻችን ለዚህ መላው አላቸው። የአርሲ ጭኮ እሳት አይፈልግም፣ ቀናት ይቆያል፣ ያጠግባል። በሶና ቆሎም አለን። ለሚጾሙ አባላት ቅቤ የሌለበት ለብቻው ይሰናዳል። ወጥ የምንሠራው ዲንሾና ጎባ ብቻ ነው።

በፓርኩ ውስጥ ውሻ ይዞ መግባት የለም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 በታች ሲሆን ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው፤ የሚጨርሰውም ከውሻ የሚተላለፈው የእብደት በሽታ ነው። በአስታውና በጅብራው መካከል እሳት ማንደድም እንዲሁ ክልክል ነው።

በመጨረሻም ስለ ገንዘብና ስለ ዕቃ። ወጪውን ተጓዦቹ እኩል ያዋጣሉ፤ ለለቅሶና ለችግር የተቀመጠው የማኅበሩ ገንዘብ አይነካም። «የማኅበሩን ድንኳን ለወጣቶቹ ማደሪያ እንውሰድ» የሚል ጥያቄም ቀርቦልን ነበር። ኮሚቴው አልተቀበለውም። እኛ ሳነቴ ላይ ሳለን እዚህ ሠፈር ሰው ቢያርፍ፣ ሐዘንተኛው ምን ሥር ይቀመጥ? ድንኳኑም፣ ድስቱም፣ አግዳሚውም ከመንደር አይወጡም። ወጣቶቹ የሚያድሩበት ትንንሽ ድንኳን በኪራይ ይፈለጋል፤ አረጋውያንና ሴቶች መኪናው ውስጥ ያድራሉ።

እንግዲህ የኮሚቴው ሐሳብ ይኸው ነው። በስድስቱ ቀን የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ፤ የማትስማሙም ምክንያታችሁን አስረዱን፣ እንሰማለን። ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ ካስመዘገባችሁ በኋላ የተጓዦቹ ዝርዝር በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ቦታ ያልደረሰው ለሚቀጥለው ዓመት ቅድሚያ ያገኛል።

በሰላም ሄደን በሰላም እንድንመለስ ያብቃን።

የጉዞ ኮሚቴው